በጋሽ ጥላዬ ኪስ የቀረው ደብዳቤ

ስልኩ የጮኸው ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው። ከደብረ ብርሃን ሰይድ ነበር። ሰይድ ሲደውል ሁልጊዜ ከሰላምታው በፊት ሳቁ ነው የሚቀድመው፤ የዚያን ዕለት ግን አልሳቀም። «የሺ፣ ጋሽ ጥላዬ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው፤ ሠልስታቸው ነገ ነው» አለኝ።

አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ እንደከተትኩ፣ ሌላውን ጫማ በእጄ እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝ እፍረት ነው። ሣጥኔ ውስጥ፣ በዳዊቴ ገጾች መሐል አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አለ። የጋሽ ጥላዬ ደብዳቤ ነው። አድርሺልኝ ተብዬ የተሰጠኝ በልጅነቴ ነው፤ እስከዚያ ጠዋት ድረስ አላደረስኩትም። ለምን እንዳላደረስኩት እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን ልንገራችሁ።

ጋሽ ጥላዬ በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን የባዮሎጂ መምህራችን ነበሩ። አጠር፣ ደልደል ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ካፖርት የማያወልቁ ሰው። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ በካፖርቱ አይፈርድባቸውም፤ ጉዱ ያለው ኪሱ ላይ ነው። ጠመኔ አለ፣ አጉሊ መነጽር አለ፣ የጅግራ ላባ አለ፣ በክብሪት ቀፎ የደረቀ ጥንዚዛ አለ፤ ጎበዝ ለመለሰ ልጅ የሚሰጥ ከረሜላም አለ። ጥንዚዛውና ከረሜላው አንዳንዴ ይቀላቀሉ ነበር። ይሄን ከማንም አልሰማሁም፤ በራሴ ምላስ ነው ያወቅኩት።

አንድ ጥያቄ ነበረቻቸው፤ ማንም ምንም ይበል በእሷ ነው የሚይዙት። «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» መጀመሪያ የሰማኋት ያረፈድኩ ቀን ነው። በዓመቱ አጋማሽ ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ተዛውሬ መምጣቴ ነበር፤ አክስቴ ዘንድ ተቀምጬ ነው የምማረው። ጎረቤታችን አህያቸውን ጅብ በላባቸው፣ ሰፈሩ ተሸብሮ አረፈድኩ ብዬ አስረዳሁ።

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?» አሉኝ መነጽራቸውን በክራቫታቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ሰማሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ‹ጅብ በላው› አይባልም። ‹ጅብ በላው ሲሉ ሰማሁ› ይባላል። በይ ግቢ።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። ምን ዓይነት ነዝናዛ ሰው ላይ ጣለኝ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት ደግሞ ክዳኑ የተከደነ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «በዚህ ውስጥ ያለውን ነገር ስም ጻፉ፤ ከአሥር ይታረማል» አሉን። አንዱ እንቁራሪት አለ፣ አንዷ አይጥ አለች። ሰይድ ያን ጊዜም የክፍላችን ቀልደኛ ነው፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልጅ፣ ከሁላችንም ድምፁ የሚጎላ። እሱ ጊንጥ ብሎ ጻፈ። እኔማ ብሼ ነበር፤ «እባብ፣ ያውም መርዛማ» ብዬ ከሥሩ አሰመርኩበት። ሁላችንም ዜሮ። ክዳኑን ሲከፍቱት የተቀቀለ ድንች ነው፤ የጋሽ ጥላዬ ምሳ።

«ከእናንተ መሐል ‹አላየሁም› ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ጠፋ?» አሉ ድንቹን እየላጡ። «‹አላየሁም› ያለኝ አሥር ከአሥር ያገኝ ነበር። ይቺን ቃል መጻፍ ይሄን ያህል ያስፈራል?»

በዚያ ዘመን ያስፈራ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁታል። አንድ ጊዜ አዳራሽ ሰብስበውን፣ የመጣው ካድሬ የአውራጃው ምርት በእጥፍ ማደጉን ሲያበስረን፣ ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ አይተው ነው ወይስ ሰምተው?» አሉት። በተንኮል አልነበረም፤ እኛን እንደሚጠይቁት ነው የጠየቁት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሳቅነው እኛ፣ የታሰሩት እሳቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ካፖርቱ ሰፍቷቸው መጡና ጠመኔ አንስተው «ኩላሊት ላይ ነበርን» አሉን። ስለ እስሩ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ወዲያ ግን ያለ ልዩ ፈቃድ ከአውራጃው መውጣት ተከለከሉ። አዲስ አበባ እንደ ባሕር ማዶ ራቀቻቸው።

ይሄ ክልከላ ከምንም በላይ የጎዳቸው በአንዲት ወፍ ምክንያት ነው። ወሬዋን ያጫወቱን ጉም መስኮቱን በደፈነበት ቀን ነው፤ ሰሌዳው አይታይም፣ ማስተማር አልተቻለም። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸው። ጎረቤላ ወጣት አስተማሪ ሳሉ፣ በረዶ ከወረደ በኋላ ገደሉ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ሞታ አገኙ። መልኳ የአፈር፣ ደረቷ ሰረዝ ሰረዝ ያለበት፣ ለዓይን ምንም የማትሞላ። የነበራቸውን የወፍ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡ አጧት። ቆዳዋን ገፈው፣ በጨውና በአመድ አድርቀው፣ ሆዷን በባዘቶ ሞሉላት። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ገና ሙሽራ ናቸው፤ ከሰርግ ቀሚሳቸው ጥለት አንድ ቀይ ክር መዘው እግሯ ላይ ወረቀት አሰሩላት። ከዚያ በብስኩት ቆርቆሮ አድርገው አዲስ አበባ ላለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በጭነት መኪና ሹፌር ላኳት።

«ደረሰች?» አለ ሰይድ።

«እኔ እንጃ። አላየሁም» አሉ ጋሽ ጥላዬ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በዚህች «አላየሁም» ግን አልሳቅንም። ትድረስ አትድረስ ሳያውቁ ስንት ዓመት መቀመጣቸው ያን ቀን ነው የገባን።

ሙዚየሙን የመጎብኘቱ ሐሳብ የእኛ ነው ይሁን የሳቸው፣ እስካሁን እንከራከራለን። ተማሪ ይዞ ለጉብኝት መሄድ ሊፈቀድ ይችላል፤ ተማሪዎቹን የሚመራ መምህር ደግሞ ያስፈልጋል። የቀረውን ዓመት በሙሉ ከትምህርት ቤት ቀበሌ፣ ከቀበሌ አውራጃ ተመላለሱ። «ለትምህርት እስከሆነ ድረስ» ተብሎ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ሲያርፍ፣ ይዘውት ክፍል ገቡና ለሁላችንም አስነኩን። ማኅተም ሲዳሰስ አይቼ የማውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያማ ዝግጅቱ! የእግር ኳስ ሜዳው ላይ በኖራ የሙዚየሙን ክፍሎች ሣሉ። እሳቸውም ገብተውበት አያውቁም፤ የሄደ ሰው የነገራቸውን ይዘው ነው፤ «ይህ የሰማሁት ነው፣ ያየሁት አይደለም» እያሉ ነው የሣሉት። ሦስት ቅዳሜ ተለማመድን። በኖራው በር እንገባለን፣ ሰላም እንላለን፣ አንጮህም፣ አንነካም። ሰይድ አንበሳ ሆኖ መሐል ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ሲያገሣ «የሞትክ ነህ፣ ዝም በል!» ይሉታል። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ እንስሳ በዕጣ ደረሰን። «ሁሉንም ልይ ያለ ምንም አያይም። አንዷን በደንብ እዩና በዓይናችሁ አምጡልኝ» አሉን። ለእኔ ግን ዕጣ አላወጡልኝም።

«አንቺ ያገርሽን ልጅ ትፈልጊያለሽ» አሉኝ። «ትንንሾቹ ወፎች በመሳቢያ ነው የሚቀመጡት አሉ። ለጎብኚ አይከፈትም፤ እኔ ደብዳቤ ጽፌ እይዛለሁ። አብረን እናያታለን።»

የወላጅ ስብሰባ ላይ የአንዷ ልጅ እናት ተነስተው፣ «የሞተ አውሬ ለማየት ይሄ ሁሉ መንገድ? በሕይወት ያለው ጅብ እደጃችን ድረስ እየመጣልን!» አሉ። ጋሽ ጥላዬ ከልባቸው ሳቁና፣ «እትዬ፣ እደጅዎ የሚመጣው ጅብ ቆሞ ጥርሱን ያስቆጥርዎታል?» አሏቸው። ሴትየዋ በነጋታው ለመንገዱ አንድ ቁና ቆሎ ላኩ። እንግድነት ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ተብሎ ደግሞ እትዬ አስካለ ለሙዚየሙ ድፎ ዳቦ ጋገሩ። አዎ፣ ለሙዚየሙ። ማን ይበላዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሁሉን ነገር እንዲያ የተጠነቀቁ ሰው አንድ ነገር ሳቱ። የስማችን ዝርዝር በታይፕ የተገለበጠው እኔ ከጎረቤላ ሳልዛወር፣ በዓመቱ መጀመሪያ ከተያዘው መዝገብ ነው። የእኔን ስም ከታች በእስክሪብቶ ጨመሩበት፤ ማኅተሙ ግን እዚያ አልደረሰም።

ጎህ ሲቀድ በአሮጌ አውቶቡስ ተነሳን። ድፎው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ጥላዬ ካፖርታቸውን አስቦርሸው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ሙሽራ መስለዋል። ጫጫ ስንደርስ ኬላው ላይ ቁሙ ተባልን። ጠባቂው ወረቀቱን ይዞ ገባ፤ ጭንቅላት በጭንቅላት ቆጠረን።

«አንድ ሰው ትርፍ አለ» አለ።

ጋሽ ጥላዬ በእስክሪብቶ የተጻፈውን አሳዩት። «ይሄ ማኅተም የለውም» አለ። የትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ መዝገብ ላይ አለች፣ ከጎረቤላ የተዛወረችበት ወረቀት አለ፤ ምን ያልተባለ አለ! ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። «ቁጥሩ ይግጠምልኝ እንጂ ማንም ይውረድ። ይቺ ልጅ ትውረድና መንገዳችሁን ሂዱ» አለ።

ተነሳሁ። ጋሽ ጥላዬ ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። «ልጅቱን ከመንገድ ላይ ጥዬ? እኔ እወርዳለሁ» አሉ።

አብረውን የነበሩት የስፖርት መምህራችን ጋሽ ደምሴ፣ «ኧረ ጋሽ ጥላዬ፣ ዓመት የለፉበት ነው! እኔ ልውረድ» አሏቸው።

«አንተ ሩጫ ታውቃለህ፤ አዲስ አበባ መሐል ልጅ ቢጠፋ ሮጠህ ትይዛለህ። እኔ የቱን ልይዝ?» ብለው ቀለዱ። ለእኔ ጎንበስ አሉና፣ «ቀይ ክር ናት፣ የሺ። አንቺ እዪልኝ» አሉኝ። ወረዱ። በኋላ መስኮት ሳያቸው መንገዱ ዳር ቆመው፣ ነፋሱ ካፖርታቸውን እያውለበለበው፣ እጃቸውን እያነሱ ነበር። እኔ እስከ ሸኖ አለቀስኩ። ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ሙዚየሙ? ኖራው ላይ ከተሣለው ጋር አንድም አይገናኝም፤ ከሱ ግን ይበልጣል። አንበሳው ሲያይህ ያስደነግጣል። ጉሬዛው፣ ዋልያው፣ ጭላዳው፣ በብልቃጥ የተዘፈዘፈው እባብ። ልጆቹ እንደተባሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው እንስሳ ፊት ቆሙ፤ ሰይድ አንበሳው ፊት ሰላምታ እንደሚሰጥ ወታደር ደርቆ ቀረ። ድፎውን ለሙዚየሙ ሠራተኛ ስናቀርብለት ሰውየው ግራ ገባው። «ለማን ነው?» «ለቤቱ» አልነው። ከት ብሎ ሳቀ፤ ደጅ አውጥቶ ባርኮ ቆረሰልንና አብሮን በላ። ደግ ሰው ነው። ስለ ወፏ ስነግረው ወደ ጓዳው በር ይዞኝ ሄዶ ረጃጅም መሳቢያዎቹን ከሩቅ አሳየኝ። «ለጎብኚ አይከፈትም፣ እህቴ። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ካላችሁ ግን አሁኑኑ እከፍትልሻለሁ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ደብዳቤው በጋሽ ጥላዬ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው፤ ካፖርቱ ጫጫ ነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ የለቅሶ ቤት መሰለ። ሸኖን እንዳለፍን ሰይድ ተነሳና ሹክ አለ። «ሰውየው ለእኛ ብለው ቀሩ። ‹አላየንም› ብለን ልንገድላቸው ነው? አይተናታል እንበል። ቀይ ክር ነበራት እንበል። ማን ያውቅብናል?» ሁሉም ተስማማ። ጋሽ ደምሴ መስኮቱን ያያሉ፣ ያልሰሙ መስለው። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከማንም በላይ መዋሸት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ፤ ወንበሩ የሳቸው ነበራ።

ጫጫ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጠዋት ተሳፍረው ወደ ቤታቸው መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም። ሻይ ቤት ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ አፍንጫቸው በብርድ ቀልቶ ጠበቁን። ኬላው ላይ ወደ ደብረ ብርሃን የሚገባውን የሚቆጥር የለም፤ ገቡ። ገና እግራቸው ደረጃውን ሲረግጥ አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ ጮኸ፦ «አየናት፣ ጋሼ! አለች! አየናት!»

«ቀይ ክሯስ?» አሉ።

«አለ! አለ! እግሯ ላይ!»

ጋሽ ጥላዬ ፈገግ አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና በክራቫታቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ጠርገው ሲጨርሱ እኔን አዩኝ። «የሺ። አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

አጠገቤ ያለችው ልጅ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ «አየሁ» ልል ነበር፣ ማርያምን! ግን ያ ፊት፣ ቀኑን ሙሉ ነፋስ የገረፈው ፊት፣ እኔን ሊያምነኝ ተዘጋጅቶ ነበር። ያን ማየት አልቻልኩም።

«አላየሁም» አልኩ። «ጋሼ፣ መሳቢያው አልተከፈተም። ማናችንም አላየንም።» ይሄንንም እያለቀስኩ።

የወረደብኝ የዓይን መዓት! ሰይድ ዘሎ ተነሳ። «ረስታው ነው፣ ጋሼ! እኛ አይተናል!»

«እንግዲያው ወላሂ በላ» አሉት ጋሽ ጥላዬ ለስለስ ብለው።

ሰይድ ጫማውን አየ። ጣራውን አየ። ወላሂ ሳይል ቁጭ አለ።

ጋሽ ጥላዬ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አወጡ። «እናንተ እንደሄዳችሁ ከረሜላ ስፈልግ አገኘሁት» አሉ። «መኪና አስቆሜ ልልክላችሁ ለመንኩ፤ የሚቆምልኝ ጠፋ። ያለዚህ መሳቢያው እንደማይከፈት አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ስለ ወፏ አልነበረም የማስበው። ልጆቼ ሲመለሱ ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነው።»

ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ይነፋረቃል። እሳቸው ግን መጡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ ደብዳቤውን እጄ ላይ አስቀመጡ። «አሥር ከአሥር» አሉ። «ይሄን ያዢው። አንድ ቀን አንቺ ታደርሺዋለሽ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በሉ አሁን ያያችሁትን አምጡ! አንበሳው እንዴት ነው፣ ሰይድ? እንባህን ጥረግና ንገረኝ፤ ጢሙ ወደታች ነው ወደጎን?» አሉ።

እያንዳንዱ ተነስቶ የየራሱን ነገራቸው። የአዞው ጥርስ፣ የዋልያው ቀንድ፣ የጥንብ አንሣው ጥፍር። ሹፌሩ እንኳ ሰምቶ እንዲጨርስ መሰለኝ መኪናውን አዘገመው። ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊታቸው እየበራ፣ ሙዚየሙን በእኛ አፍ አንድ በአንድ ዞሩት። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ማርክ ሲለጠፍ ሰይድ ለአንበሳው ዘጠኝ፣ ለወፏ ዜሮ ነበር ያገኘው።

በሚቀጥለው ዓመት ጉብኝት አልተፈቀደም። ወንዶቹ ለውትድርና ይታፈሱ ጀመር፤ ሰይድ አልዩ አምባ ዘመዶቹ ዘንድ ተደብቆ ተረፈ። እኔ አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። ደርግ ሲወድቅ ጋሽ ጥላዬ ወደፈለጉበት የሚሄዱበት ቀን መጣ፤ ግን ዓይናቸውን ግላኮማ ይዞት ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ጨለመ። እትዬ አስካለ «እጅህን ይዤ ልውሰድህ» ቢሏቸው፣ «ሳላይ ሄጄ አየሁ ልበል?» ብለው እምቢ አሉ።

በየዓመቱ ለጥምቀት እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። በር ስገባ በኮቴዬ ያውቁኛል፤ «መርዛማዋ መጣች!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «የሺ፣ ደብዳቤው አለ?» አሉኝ። «አለ፣ ጋሼ» አልኩ። «ደግ» ብለው ሌላ ወሬ ጀመሩ። እኔ ደግሞ በሙዚየሙ በር በቀን ሁለቴ በታክሲ አልፋለሁ፤ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ። ከሌለችስ? ማየት ለተሳናቸው ሰውዬ ዳግመኛ «አላየሁም» ልበላቸው? እሱን ፈርቼ፣ ዘንድሮ ከርሞ እያልኩ ዕድሜያቸውን አስጨረስኳቸው። ፈሪ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

ሰይድ በደወለበት ጠዋት ሥራ አልሄድኩም። ጥቁሬን ለብሼ፣ ከዳዊቴ ውስጥ ደብዳቤውን አውጥቼ ሙዚየሙ ሄድኩ። መሳቢያዎቹን የምትጠብቀው ወጣት ሴት ናት። «ደብዳቤ ይዘዋል?» ስትለኝ ሰጠኋት። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ይህን ደብዳቤ ለያዙት ተማሪዎቻችን፣ ከአንኮበር የተላከች አንዲት ትንሽ ወፍ በመሳቢያችሁ ውስጥ ካለች እንድታሳዩልን፣ ከሌለችም የለችም ብላችሁ በእውነት እንድትነግሩልን በትሕትና እንጠይቃለን።» ማኅተሙን አየች፣ ጥቁር ልብሴን አየች። ምንም ሳትጠይቀኝ ቁልፉን አነሳች።

ስትፈልግ ብዙ ቆየች። ሁለት መሳቢያ፣ ሦስት መሳቢያ። በጀርባቸው የተንጋለሉ፣ ዓይናቸው በጥጥ የተሞላ ትንንሽ ወፎች። አራተኛውን ስትስበው ጥጉ ላይ አንዲት የአፈር መልክ ያላት፣ ደረቷ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት ተኝታለች። ክሩ እግሯ ላይ አለ። ቀይነቱ ለቆ ገርጥቷል፤ ግን ጥለት ነው፣ ጥለት እንደሆነ አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ በዚያ ሰሌዳ ላይ ስናየው በኖርነው ጽሕፈት፣ «አንኮበር፣ ከገደሉ ጫፍ። በረዶ የመታት። ስሟን አላውቅም። ጥላዬ» ይላል። ስሟን አላውቅም! ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ ጋር ልቅሶው መጣ፤ ልጅቷ ወንበር አመጣችልኝ።

በነጋታው ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሰይድ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛ ያስገባል፤ ጢሙ ሸብቷል። እትዬ አስካለ ፍራሹ ላይ ከጋሽ ጥላዬ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉንጫቸውን ስሜ በጆሯቸው፣ «እትዬ፣ አየኋት» አልኳቸው።

ክንዴን ያዙኝ። ጥፍራቸው ተሰማኝ። «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» አሉኝ።

«አየሁ። መሳቢያ ውስጥ አለች። የርስዎ ክር እግሯ ላይ ነው፤ ቀለሙ ለቋል እንጂ አለ።»

ሰይድ ከኋላዬ ሰምቶ ኖሮ፣ «እትዬ፣ እውነት ይሆን?» አለ ድምፁ እየተሰበረ።

«ዝም በል አንተ» አሉት እትዬ አስካለ። «ያን ቀን አላየሁም ያለችው እኮ እሷ ናት። እሷ አየሁ ካለች አይታለች።» ከዚያ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ፎቶግራፉ ዞሩ።

«ሰማህ ጥላዬ?» አሉት። «ደርሳልሃለች። የሺ አይታታለች።»